ማዕተቡንስ አየሁት፣ እምነቱን በምን ልወቀው?

ለእኔ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የታወቁ ናቸው፤ «ወደድኳት፣ አልወደደችኝም»፣ «ትቶኝ ሄደ፣ ምን ይሻለኛል?» የሚሉ። በቅርቡ የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ግን ለየት አሉብኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ነው የደረሱኝ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ሆኖም የአንደኛዋ ጥያቄ ለሌላው መልስ፣ የሌላው ጥያቄ ደግሞ ለአንደኛዋ መልስ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ላቅርባቸውና እንወያይበት። ስማችንና ሰፈራችን እንዳይጠቀስ ብለው አደራ ስላሉኝ አልጠቅስም።

የመጀመሪያዋ እንዲህ ትላለች።

«ዕድሜዬ 26 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመድኃኒት መደብር ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከአንድ ልጅ ጋር ከተዋወቅን ስምንት ወር ሆኖናል። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግላል፤ መዝሙር ሲያወጣ ሰው ያለቅሳል። ሰባቱንም አጽዋማት ይጾማል። ማዕተቡ ካንገቱ ተለይቶ አያውቅም። የስልኩ ጥሪ እንኳን መዝሙር ነው። እናቴ ‹ልጄ፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?› ትለኛለች። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የምንጋባውም በተክሊል ነው ብሎኛል።

ግን ሦስት ነገር አየሁ። አንድ ቀን እህቱ ቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። የቤት ሠራተኛዋ ገና ልጅ ናት። ቡናውን ስታቀርብ ሸሚዙ ላይ ትንሽ ፈሰሰበት። የሰደባትን ስድብ እዚህ ልጽፈው አልችልም። ከዚያ ወዲያው ወደኔ ዞሮ ስለ ጉባኤው ፈገግ እያለ ማውራቱን ቀጠለ። ሁለተኛ፣ ከጓደኛው 40 ሺህ ብር ተበድሮ ዓመት አልፎታል። ልጁ ሲደውል ስልኩን አያነሳም። ለምን ስለው ‹እሱ ዓለማዊ ነው፤ ብመልስለትም በመጠጥ ነው የሚጨርሰው› አለኝ። ሦስተኛ፣ የ120 ሺህ ብር ዕቁብ ሊወጣልኝ ነው። ‹ሥራ ልጀምርበት ስጪኝ፤ ያው አንድ ልንሆን አይደል?› አለኝ። ላስብበት ስለው ‹እምነት የለሽም› ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። አሁን ጨነቀኝ። በሰው ላይ መፍረድ ኃጢአት ነው ይሉኛል። ዓይኔን ልመን ወይስ ማዕተቡን? እባካችሁ ምከሩኝ።»

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል።

«24 ዓመቴ ነው። ድሮ የታክሲ ረዳት ነበርኩ፤ አሁን መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ሹፌር ሆኛለሁ። የማመልከው ወንጌላውያን ጋ ነው። በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። በአምልኮ ሰዓት ሌላው ሲጮህና ሲያለቅስ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቁጭ እላለሁ። በልሳን ተናግሬ አላውቅም። የማክሰኞ ጸሎት ላይም አልገኝም፤ ምክንያቱም የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ኩላሊታቸውን ታመው ማክሰኞ ማክሰኞ ለእጥበት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ልጅ የላቸውም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም የምጽፈው ልመካ ብዬ አይደለም። የምወዳት ልጅ ‹ለመሆኑ አንተ በእውነት ዳግም ተወልደሃል? ምንም ምልክት አይታይብህም› አለችኝ። ቤተሰቦቿም መንፈሳዊ አይደለም ብለዋል። ወሬውን ስሰማ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። እውነት እምነት የለኝም ማለት ነው?»

እንግዲህ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንደኛው ሰው ምልክቱ ሁሉ ሞልቶለታል፤ ልታገባው ያሰበች ልጅ ግን እንቅልፍ አጥታለች። ሌላው ምልክት የለህም ተብሎ በራሱ ተጠራጥሯል፤ አንድ ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌ ግን ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ይጠብቁታል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ የማንኛው እምነት ነው የሚታየው?

እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ፓስተርም አይደለሁም። የሰው ልብ የሚመዘንበት ሚዛን በእጄ የለም፤ በማንም እጅ የለም። ነገሩ ግን የሃይማኖት ክርክር ብቻ አይደለም። የትዳር ጥያቄ ነው፤ የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ የዕድሜ ልክ ጥያቄ ነው። ደግሞም መጽሐፉ ራሱ በዚህ ላይ ዝም አላለም። ማቴዎስ ምዕራፍ 7ን የከፈተ ሰው ዛፍ የሚታወቀው በፍሬው መሆኑን ያገኛል። በቅጠሉ አላለም። በአበባውም አላለም።

ምልክት ያልሆኑ ምልክቶች

አደራ እንዳትሳሳቱብኝ፤ ማዕተብ ማሰር፣ መጾም፣ መዘመር፣ እጅን ዘርግቶ ማምለክ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለማዕተባቸው ሲሉ የተሰደዱም የሞቱም አሉ። ጾምም ጸሎትም የእምነት ምግብ ናቸው። እያልኩ ያለሁት ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም ነው። ለምን ቢባል፣ እነዚህ ሁሉ ሊለመዱ ይችላሉ። ማዕተብ በጥቂት ብር ይገዛል። ነጠላ መስቀለኛ ማጣፋት በአንድ ጠዋት ይለመዳል። «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ማለትም ሆነ «ተባረክ ወንድሜ» ማለት ምላስ ይለምደዋል። ጥሩ ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ዘፋኙም አለው። እንባም ቢሆን እንደ ሰዉ ዓይነት ነው፤ ፊልም አይቶ የሚያለቅስም አለ።

አሁን ደግሞ ቲክቶክ የሚባል ነገር መጥቷል። ጾሙ በቪዲዮ፣ ምጽዋቱ በቪዲዮ፣ ስግደቱ በቪዲዮ ሆኗል። አንዱ ለነዳይ እንጀራ ሲያጎርስ ካሜራው ከእጁ ይልቅ ፊቱን ያነሳል። ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ ስትጾሙ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ጾመኛ መሆናችሁ አይታወቅባችሁ ብሎ ያስተማረው እንዲህ ያለውን አመል ስለሚያውቅ ነው።

ወንጌሉ ይባስ ብሎ ተአምርንም ማስረጃ አያደርገውም። እዚያው ማቴዎስ 7 ላይ በስሙ ትንቢት የተናገሩ፣ አጋንንትም ያወጡ ሰዎች በመጨረሻው ቀን አላውቃችሁም ይባላሉ። በየአዳራሹ «ነቢይ ነኝ» እያለ የሰው ስም የሚጠራውንና ከዚያ የባንክ ቁጥር የሚያስነግረውን ያየ ሰው ይህ ቃል ለምን እንደተነገረ አይጠፋውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋርያው ጳውሎስ ገላትያ ምዕራፍ 5 ላይ የመንፈስን ፍሬ ዘጠኝ አድርጎ ይዘረዝራል። ቤታችሁ ገብታችሁ ቁጠሩት። ከዘጠኙ አንዱ መዘመር አይደለም። አንዱ መስበክ አይደለም። አንዱም በልሳን መናገር አይደለም። ፍቅር አለበት፣ ትዕግሥት አለበት፣ ራስን መግዛት አለበት። አብዛኞቹ ከሰው ጋር ስንኖር የሚታዩ ናቸው። ማለትም ፍሬው የሚለቀመው ከመድረክ ላይ ሳይሆን ከቤት፣ ከሱቅ፣ ከመሥሪያ ቤት፣ ከታክሲ ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን እንመልከት? እኔ አምስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፡ ምንም ከማይጠቅመው ሰው ጋር እንዴት ነው?

ሰው አለቃውን ያከብራል፤ ይጠቅመዋላ! እጮኛውን ያሞላቅቃል፤ ይፈልጋታላ! የንስሐ አባቱን እጅ ይነሣል፤ ሰው ያየዋላ! እናንተ የምታዩት የቤት ሠራተኛዋን፣ ዘበኛውን፣ ሊስትሮውን፣ አስተናጋጇን፣ የታክሲ ረዳቱን ሲያናግር ነው። እነዚህ ሰዎች ሊሾሙት አይችሉም፤ ሊያጨበጭቡለትም አይችሉም። ለእነሱ የሚያሳየው ጠባይ ነው የራሱ ጠባይ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው የክብር ቦታ ሰጥተው ድሃውን እዚያ ቁም የሚሉ ምእመናንን ክፉኛ የገሠጸው ለዚሁ ነው።

አንድ የምታውቁትን ታሪክ ላስታውሳችሁ። የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ወደ ወሎ፣ ግሸን ማርያም ሄዱ። ጊዜው የረሀብ ጊዜ ነበር። በመንገዱ ላይ የተራቡ ሰዎች ወድቀው አዩ፤ የሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃንም አገኙ። ከዚያ ጉዞ ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ቤተሰብ አልወደደላቸውም፤ ባለቤታቸውም ተቃወሙ። እሳቸው ግን ልጆቹን አልተዉም፤ የሞቀ ቤታቸውን ትተው ወጡ። በኋላ የስንት ሺህ ሕፃናት እናት ሆነው በ2013 ዓ.ም. ክረምት አረፉ። ያን ዓመት ግሸን የተሳለመው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ጠበል ይዞ ተመልሷል። የእሳቸው ሳላሚነት የታየው ግን ወደ ቤት ሲመለሱ በያዙት ነው። እነዚያ ሕፃናት ለእሳቸው የሚሰጡት ምን ነበራቸው? ምንም።

ማቴዎስ 25 ላይ ያለውንም ልብ በሉ። በቀኝ የቆሙት ሰዎች ለተራበው ማብላታቸውን፣ የታመመውን መጠየቃቸውን ሲነገራቸው ይገረማሉ፤ መቼ አደረግነው ብለው ይጠይቃሉ። አልቆጠሩትማ! መዝገብ አልያዙለትም። እውነተኛ እምነት አንዱ ጠባዩ ይኸው ነው፤ የሠራውን አይቆጥርም።

ሁለተኛ፡ ገንዘብ ሲነካ ምን ይሆናል?

ሰው ሁሉ ኪሱ እስኪነካ ድረስ ደግ ነው። ሱቁ ግድግዳ ላይ የቅድስት ማርያምን ሥዕል ሰቅሎ በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ አለ። ሚዛኑን ደፍቶ ከነገደ በኋላ አሥራቱን ሳያጓድል የሚከፍልም አለ። ለእግዚአብሔር ከፍሎ ለድሃው የሚያጎድል ሰው የትኛውን ሒሳብ እንደሚሠራ እንጃ።

ዘኬዎስን ታውቁታላችሁ። የኢያሪኮ ሰው ነው፤ ቁመቱ አጭር ስለነበር ዛፍ ላይ ወጥቶ ክርስቶስን ያየው የቀራጮች አለቃ። ክርስቶስ ቤቱ የገባ ዕለት ዘኬዎስ ምን አደረገ? መዝሙር አላወጣም። ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሊሰጥ፣ ያታለለው ሰው ካለም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። ከዚህ በኋላ ነው መዳን ወደዚህ ቤት መጣ የተባለለት። እንግዲህ ብድርን መክዳት ቀርቶ፣ መመለስ የሚገባውን ማዘግየት እንኳን ከእምነት ጋር ምን ያህል እንደሚጣላ ተመልከቱ። አበዳሪው ቢጠጣ ባይጠጣ የተበዳሪው ጉዳይ አይደለም። የሰው ገንዘብ የሰው ገንዘብ ነው።

ሦስተኛ፡ ሲሳሳት ምን ያደርጋል?

የማይሳሳት አማኝ የለም። ማንም ይቆጣል፣ ማንም ይዋሻል፣ ማንም ይወድቃል። ልዩነቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ጴጥሮስም ይሁዳም በዚያች በአንዲት ሌሊት ነው የበደሉት። አንዱ ጌታውን ሸጠ፣ አንዱ ሦስት ጊዜ ካደ። ጴጥሮስ ግን አልቅሶ ተመለሰ፤ መመለስ ነው ጴጥሮስን ጴጥሮስ ያደረገው።

ስለዚህ «ተሳስቷል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሲሳሳት ይመለሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይቅርታ መጠየቅ ይችላል? ለታላቁ ብቻ ሳይሆን ለታናሹም? እሱ ሲሰድብ «ተቆጥቼ ነው»፣ ሌላው ሲሰድብ «ሰይጣን አድሮበት ነው» የሚል ከሆነ ችግር አለ። በተራራው ስብከት ላይ ክርስቶስ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ በመጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሎ አስተምሯል። ተመልከቱ፤ መባው ይቆያል፣ እርቁ አይቆይም። ቅዳሴው ላይ ቆሞ ለዓመታት ከወንድሙ ጋር በውርስ ቤት የማይነጋገር ሰው ይህንን ስንት ጊዜ ሰምቶ እንዳለፈው ቁጠሩት።

አራተኛ፡ ሃምሳ ስድስተኛው ቀን ላይስ?

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ብዙው ሰው መልካም ነው። ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፣ ጭፈራ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ሰውም ይጠነቀቃል። ጾሙ አልቆ ሃምሳ ስድስተኛው ቀን ሲመጣ ግን ሰውየው ማን ሆነ? ጾሙ ከምግቡ ብቻ ነበር ወይስ ከምላሱም? ወደ ድሮ ስድቡ ከተመለሰ እኮ የተጾመው ወተትና ሥጋ ብቻ ነበር ማለት ነው።

የጉባኤ ሰሞንም እንደዚያው ነው። ኮንፈረንስ በተደረገ ሳምንት ሁሉም ትኩስ ነው። ፍሬ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቡና ተክሎ በሣምንቱ የሚለቅም ገበሬ የለም። አንድን ሰው በመልካም ቀኑ፣ በክፉ ቀኑ፣ ሲያጣ፣ ሲያገኝ፣ ሲታመም፣ ሲሾም ሳታዩት «እምነቱ የጸና ነው» ብላችሁ አትፈርሙለት። ደግሞም በአንድ ክፉ ቀኑ ብቻ አይታችሁ «ውሸታም ነው» አትበሉት። አንድ ቀን ሰውን አያሳይም፤ ተደጋግሞ የሚመጣው ነገር ነው የሚያሳየው።

አምስተኛ፡ ዋጋ ሲያስከፍለው

አዲስ አበባ ውስጥ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ያላየ የለም። ጳጳሱ ለጣሊያን እንዲገዙና አርበኞቹን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመናኔን ትቼ አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት። ሁለቱም እምነታቸው ዋጋ ሲጠይቃቸው ከፈሉ።

ከእኔና ከእናንተ እንዲህ ያለ ነገር አልተጠየቀም። ከእኛ የሚጠየቀው ትንሽ ነው። የሐሰት ደረሰኝ አልቆርጥም ብሎ ደንበኛ ማጣት። አለቃው ፈርም ያለውን የውሸት ሰነድ አልፈርምም ብሎ ዕድገት መቅረት። ጓደኛ ሲታማ አብሮ አለመሳቅ። ፈተና ላይ አለመኮረጅ። ትንሽ ነው ግን ዋጋ አለው። እምነቱ አንድም ቀን ምንም አስከፍሎት የማያውቅ ሰው፣ እምነቱን እንደ ሽቶ ነው የተቀባው ማለት ነው፤ ለራሱም ለሰውም ጥሩ ይሸታል፣ ማታ ሲታጠብ ይለቃል።

ፖሊስ አትሁኑ!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ ጎረቤታችሁን፣ አለቃችሁን፣ አማታችሁን ልትመዝኑ የተነሣችሁ ካላችሁ ተቀመጡ። ሙሴ ጸሊምን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው፤ ከመመንኮሱ በፊት ሽፍታ ነበር። አንድ ቀን መነኮሳቱ ባጠፋ ወንድማቸው ላይ ሊፈርዱ ጠሩት ይባላል። እሱም የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ሲሉት፣ የእኔ ኃጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጥቻለሁ አላቸው። መነኮሳቱም ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

እንግዲህ አምስቱ ጥያቄዎች መጀመሪያ የሚጠየቁት ለራሳችን ነው። ዛሬ ጠዋት የታክሲ ረዳቱን ምን አልኩት? የማን ብር አለብኝ? ማንን ይቅርታ ልጠይቅ ይገባኛል? ይህን የጠየቀ ሰው በሌላው ላይ ለመፍረድ ብዙም ጊዜ አይኖረውም።

ሆኖም መፍረድና ማስተዋል አንድ አይደሉም። አንድን ሰው «ገሃነም ይገባል» ማለት መፍረድ ነው፤ የእግዚአብሔርን ወንበር መቀማት ነው። «ይህ ሰው ብድር አይመልስም፣ ስለዚህ ገንዘቤን አልሰጠውም» ማለት ግን ማስተዋል ነው። ብዙ ወጣት ሴቶችና ወንዶች ይህንን ባለመለየት ነው የሚጎዱት። «አትፍረጂ» እየተባሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ገደል ይገባሉ።

ለእህቴ

እህቴ፣ ዓይንሽን እመኚ። ያየሻቸው ሦስት ነገሮች ጥቃቅን አይደሉም። ልጅቷን የሰደበ አንደበት ነገ አንቺን የማይሰድብበት ምክንያት የለም፤ ዛሬ የሚያሞላቅቅሽ ገና በእጁ ስላልገባሽ ሊሆን ይችላል። አሁን የምነግርሽን አድርጊ።

ዕቁብሽን አትስጪ። ፍቅርና ብድር ይለያዩ። «አልሰጥም» በይውና ምን እንደሚል ተመልከቺ። ሰው የሚታወቀው እሺ ሲባል አይደለም፤ እምቢ ሲባል ነው። ቢከፋውም «ልክ ነሽ፣ ገንዘቡ የድካምሽ ነው» ካለ አንድ ነገር ነው። እንደገና እምነት የለሽም ብሎ ካኮረፈ፣ የሚፈልገው የቱን እንደሆነ ነገረሽ ማለት ነው። ደግሞ እምነት የለሽም ያለሽ ስለ እግዚአብሔር አይደለም፤ ስለ 120 ሺህ ብር ነው። ይህንን አታምታቺው።

ሁለተኛ፣ ተረጋግተሽ በግልጽ ንገሪው። «የጓደኛህን ብር መልስ፤ ያቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቃት» በይው። ከመለሰና ከጠየቀ ተስፋ አለው፤ ዘኬዎስም የተመለሰ ሰው ነው። ካለቀሰ ብቻ ግን እንባውን በብር አትመንዝሪለት። ለውጥ በወራት ይታያል እንጂ በአንድ ማታ አይታይም።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌው ይቆይ። ተክሊል ቀልድ አይደለም፤ ሁለታችሁ የምትቆርቡበት፣ ነገ ባልስማማ እፈታለሁ ተብሎ የማይገባበት ጋብቻ ነው። ለንስሐ አባትሽ ያየሽውን ሳታጋንኚም ሳትደብቂም ንገሪ። ለእናትሽም እንደዚሁ። እናትሽ ያዩት ማዕተቡን ነው፤ አንቺ ያየሽውን ቢያዩ ሌላ ይሉ ነበር። «እሱ ከተጋባን በኋላ ይለወጣል» የሚሉሽን አትስሚ። ትዳር ማረሚያ ቤት አይደለም፤ አንቺም የጥበቃ አባል አይደለሽም።

ለወንድሜ

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ራስህን አትጠራጠር። ዝምታ ኃጢአት አይደለም። ጳውሎስ ቆሮንቶስ ለነበሩት ምእመናን ሲጽፍ ሁሉም በልሳን እንደማይናገር በጥያቄ መልክ ነግሯቸዋል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12ን ገልጠህ ተመልከት። ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ 13 ደግሞ ፍቅር ከሌለ የመላእክት ልሳን እንኳን ባዶ ጩኸት እንደሆነ ያስረዳል። ማክሰኞ የምታደርሳቸው ሽማግሌ የማክሰኞ ጸሎትህ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልምከርህ። የአምልኮ ጓዶችህን «አስመሳዮች» ብለህ አትናቃቸው፤ ከሚጮኹት መካከል ልባቸው የነደደ ብዙ አሉ። ጸሎቱንም በሌላ ቀን ፈልገህ ተገኝ፤ ሰው ብቻውን አማኝ ሆኖ መዝለቅ ይከብደዋል። ለምትወዳት ልጅም ማክሰኞ የት እንደምትሄድ ንገራት። ለመመካት ሳይሆን፣ ሚስትህ ልትሆን የምታስባት ልጅ ማክሰኞህን ማወቅ ስላለባት ነው። ከዚያ በኋላም «ምልክት የለህም» ካለችህ፣ ምልክት የምትፈልገው ሌላ ቦታ ነውና በሰላም መለያየት አይከፋም።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እንግዲህ የናንተንስ ማክሰኞ ማን ያውቀዋል? የምትሉኝ ካለ ጻፉልኝ፤ የማትስማሙም ጻፉልኝ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።